የሙላቱ አስታጥቄ አዲስ አልበም «የድሮው ድጋሚ» አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የክብር ዶክተር ሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ፕሌይስ ሙላቱ» የተባለውን አልበማቸውን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ለአድማጭ ካቀረቡ ወዲህ ሁለት ዓይነት አስተያየት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። አንደኛው «የኢትዮ ጃዝ አባት ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው» ከሚል ምስጋና የማያልፍ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዜማዎቹን ዝርዝር ብቻ አይቶ «እነዚህማ የምናውቃቸው ናቸው፤ ምን አዲስ ነገር አላቸው?» ብሎ ጉዳዩን የሚዘጋ ነው። ምስጋናው ይገባቸዋል፤ ጥያቄውም ከሜዳ የመጣ አይደለም። ይሁን እንጂ ሁለቱም አስተያየቶች አልበሙን ከፍተው ሳያደምጡ ሊሰጡ የሚችሉ በመሆናቸው፣ ሥራው የሚገባውን ውይይት ሳያገኝ እንዳያልፍ በመስጋት ይህችን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ።

በቅድሚያ ጠያቂዎቹ የያዙትን እውነት ልቀበል። አልበሙ በአብዛኛው ሙላቱ ቀደም ሲል የደረሷቸውንና ያቀናበሯቸውን ሥራዎች እንደገና የተጫወቱበት ነው። «የከርሞ ሰው»፣ «ነጻነት» እና ከሠርግ ዘፈናችን የተወሰደው «ኩሉን» በአዲስ ቅንብር ቀርበዋል። ቀረጻው የተካሄደው በለንደኑ ራክ ስቱዲዮና በአዲስ አበባ በሚገኘው የራሳቸው ጃዝ ቪሌጅ ሲሆን፣ አሳታሚው ከእኒሁ ሙዚቀኛ ጋር ለዓመታት የሠራው የለንደኑ ስትራት ነው። በራሳቸው ስም ይህን የሚያህል የስቱዲዮ አልበም ሲያወጡ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። ከ80 ዓመት በላይ የሆናቸው ሰው ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አዲስ ዜማ ከመድረስ ይልቅ ወደ ቀድሞ ሥራዎቻቸው መመለሳቸው ለአንዳንዱ አድማጭ የድካም ምልክት መስሎ ቢታየው አልፈርድበትም።

እኔ ግን የማየው በሌላ መልኩ ነው። ሁለት የሙዚቃ ባህሎች በአንድ መድረክ ላይ ሲገናኙ ዋናው ጥያቄ ማን ለማን ይስማማል የሚለው ነው። ክራሩ ለፒያኖው ይቃኛል ወይስ ፒያኖው ለክራሩ ቦታ ይለቃል? አልበሙ አዲስ የሚሆነው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጠው መልስ ነው፤ ዜማዎቹን አስቀድመን ማወቃችን ደግሞ መልሱን አጥርተን እንድንሰማ ይረዳናል። ከዚህ በፊት በሳክስፎንና በኦርጋን የሰማነውን ዜማ አሁን በማሲንቆና በዋሽንት ስንሰማው ምን እንደተለወጠና ምን እንዳልተለወጠ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ዜማው ራሱ አዲስ ቢሆን ኖሮ ይህ ማነጻጸሪያ አይኖረንም ነበር።

ይህን ለመረዳት ሙላቱ ከየት እንደተነሡ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1936 ዓ.ም. በጅማ የተወለዱት ሙላቱ ወደ ዌልስ የተላኩት ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን በሙዚቃ ተስበው በለንደን ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም በአሜሪካ ቦስተን በርክሊ ተማሩ፤ በርክሊ ከገቡ አፍሪካውያን ተማሪዎችም የመጀመሪያው እንደነበሩ ይነገርላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 በኒውዮርክ ያሳተሟቸው ሁለት አልበሞች የላቲን ምት የጎላባቸው ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የተጫወቱትም በአብዛኛው የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ቫይብራፎንን፣ ኮንጋንና ቦንጎን ይዘው መጡ፤ የራሳችንንም ቅኝቶች በጃዝ ቅንብር ውስጥ አስገቡ። እ.ኤ.አ. በ1972 እና በ1974 የወጡት አልበሞቻቸው እንዲሁም በዚያው ዘመን በሸክላ የታተሙት ሥራዎቻቸው ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚታወቁባቸው ናቸው።

ሆኖም እነዚያን ድንቅ ቅጂዎች አሁን ልብ ብሎ ለሚያደምጥ ሰው አንድ ነገር ይታየዋል። ቅኝቱ የእኛ ነው፤ መሣሪያዎቹ ግን በአብዛኛው ሳክስፎን፣ ትራምፔት፣ ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኦርጋን፣ ፒያኖና ቫይብራፎን ናቸው። ትዝታ ወይም አንቺሆዬ ከተፈጠረበት መሣሪያ ወጥቶ በእንግዳ መሣሪያ ይናገራል። ይህ በዚያን ጊዜ የሚጠበቅ ነበር፤ የአዲስ አበባ ባንዶች ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስና ከክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራዎች የወጡ ነፋሽ ተጫዋቾች ይበዙባቸው ነበር። በአዲሱ አልበም ግን ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ከበሮና በገና ከጃዙ ባንድ ጋር አብረው ተቀምጠዋል። ከሃምሳ ዓመት በላይ በውጭ መሣሪያ ሲኖር የነበረ ዜማ ወደ ቤቱ ሲገባ እንሰማለን።

አንባቢ ጉዳዩን በቅርብ እንዲያየው ከመሣሪያዎቹ ሁለቱን ብቻ ላንሣ። ቫይብራፎን የሙላቱ ዋና መሣሪያ ነው። ብዙውን ጊዜ 37 የብረት ሰሌዳዎች በተርታ ተደርድረውበት፣ ከየሰሌዳው ሥር የድምፅ ማጉያ ቱቦ ተንጠልጥሎ፣ ጫፉ በክር በተጠቀለለ ዱላ ይመታል። ሰሌዳዎቹ የሚቃኙት ፋብሪካ ውስጥ ተሞርደው ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ተጫዋቹ በተለመደው አመታት የድምፁን ከፍታ ሊለውጥ አይችልም። አንዷን ድምፅ እንደልቡ ዝቅ ወይም ከፍ ላድርግ ቢል መሣሪያው በቀላሉ አይታዘዝለትም። ማሲንቆ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ያለችው አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ናት፤ ጣት የሚያርፍበት ምልክትም ሆነ ገዳቢ የለውም፤ አዝማሪው ጅማቷን ከአንገቱ ጋር ሳያጣብቅ በጣቱ ጎን እየነካ፣ ድምፁን እያንሸራተተ፣ እያንቀጠቀጠ፣ በሁለት ድምፆች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ እንደፈለገ ይመላለሳል። ማሲንቆ እንደሚያለቅስና እንደሚናገር የሚሰማን ከዚህ የተነሣ ነው።

እነዚህን ሁለት መሣሪያዎች አንድ ዜማ ላይ ማገናኘት ከባድ ሥራ ነው። አቀናባሪው ቫይብራፎኑ ሁልጊዜ ዜማውን እንዲመራ ካደረገ ማሲንቆው በየድምፁ ላይ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይገደዳል፤ ነፍሱም ትወጣለች። ማሲንቆው ያለ ገደብ ቢለቀቅ ደግሞ ከቫይብራፎኑ ጋር ሲጋጭ ለጆሮ ይሻክራል። መፍትሔው ሁለቱ አንዱን ድምፅ በአንድ ጊዜ እንዳይሻሙ ተራ መስጠት፣ ቫይብራፎኑ በአጫጭር ምቶች ምሰሶ ሲያቆም ማሲንቆው በመካከሉ እንዲመላለስ መተው ነው። አልበሙን በዚህ ጆሮ ያዳመጠ ሰው፣ ድግግሞሽ የመሰለው ነገር እንደገና ታስቦ የተሠራ መሆኑን ይደርስበታል ብዬ አምናለሁ።

ከመሣሪያው ቀጥሎ የሚመጣው የቅኝት ጉዳይ ነው፤ ሙላቱ ዕድሜ ልካቸውን የደከሙበትም ይኸው ነው። ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ አላቸው፤ የጃዝ ሃርመኒ፣ ማለትም ዜማን የሚያጅበው የድምፆች ጥምረት፣ የሚገነባው ግን በ12 ድምፆች ነው። አምስቱን ድምፆች በ12ቱ ለማጀብ የሚነሣ ሰው ጥንቃቄ ካልያዘ፣ የሚጨምረው እያንዳንዱ ድምፅ ቅኝቱን እያደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ትዝታው ተራ የምዕራባውያን ማጀርና ማይነር ይሆናል። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ፣ በዚህ ረገድ ፈታኙ አንቺሆዬ ይመስለኛል። ከዶ ቢነሣ ሬ ፍላት (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለች ሬ)፣ ፋ፣ ሶል ፍላት እና ላ ይከተላሉ፤ ሌሎቹ ቅኝቶች የሚደገፉባት ሙሉዋ ሶል በእርሱ ውስጥ የለችም። ስለዚህ በተለመደው የአውሮፓ ሕግ አንቺሆዬን ማጀብ ወለል የሌለው ቤት መሥራት ነው። ሙላቱ ከጃዝ የወሰዱት ነገር እዚህ ላይ ጠቅሟቸዋል፤ ጃዝ ያልተፈቱና ውጥረት ያለባቸውን ድምፆች እንዳሉ ሳይፈቱ ማቆየት ስለሚችል ቅኝቱ ጠባዩን ሳይለቅ እንዲታጀብ ዕድል ይሰጣል። እርሳቸውም በልዩ ልዩ ቃለ መጠይቆቻቸው፣ ዓለም የዘመናዊ ሙዚቃ ግኝት አድርጎ የሚቆጥራቸው ድምፆች በደቡብ ኢትዮጵያ በደራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ነፋሽ መሣሪያዎች ከጥንት ጀምሮ እንዳሉ ደጋግመው ሲናገሩ ተሰምተዋል።

በዚህ አጋጣሚ ከታላቁ ሙዚቀኛ ጋር የምለያይበትን አንድ ነጥብ በአክብሮት ላንሣ። ሙላቱ በአሜሪካ በሃርቫርድና በኤም.አይ.ቲ. በቆዩበት ጊዜ ክራር 12ቱንም ድምፆች መጫወት እንዲችል አድርጎ የማሻሻል ሐሳብ ነበራቸው፤ ሠርተውበታልም። ዓላማቸው ይገባኛል። ክራር ተጫዋች ከአንድ ቅኝት ወደ ሌላው ሲሻገር አውታሮቹን አንድ በአንድ ማጥበቅና ማላላት ስላለበት፣ በአንድ ሙዚቃ መሐል ቅኝት የሚለዋወጥ ቅንብር ሲያጋጥመው ይቸገራል። ነገር ግን የክራር ውበት ያለው በዚሁ ገደቡ ውስጥ ይመስለኛል። አምስትና ስድስት አውታር ብቻ ያለው መሣሪያ ተጫዋቹን ከምት፣ ከጣት አመታትና ከዝምታ ብዙ እንዲያወጣ ያስገድደዋል፤ 12 ድምፅ ቢሰጠው ትንሽ ጊታር ወደ መሆን ያዘነብላል። በአዲሱ አልበም ያስደሰተኝም ክራሩ ክራር ሆኖ ገብቶ ቅንብሩ ለእርሱ መስተካከሉ ነው። የሙላቱ የአሁኑ ሥራ ከቀድሞው ሐሳባቸው ይልቅ ለዚህ አመለካከት የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስለ በገናም ጥቂት ማለት ይገባል። በገና የጸሎትና የተመስጦ መሣሪያ በመሆኑ፣ በጃዝ አልበም ውስጥ ስሙ ሲጠራ ቅር የሚላቸው ምእመናን መኖራቸው አይቀርም፤ ስሜታቸውም ሊከበር ይገባል። የእኔ ሐሳብ ግን ቅር መሰኘት የሚገባን በገናው እንዴት እንደተያዘ ከሰማን በኋላ ነው የሚል ነው። ከአሥሩ አውታሮች ሥር በሚገቡት የቆዳ ቁራጮች፣ ማለትም በእንዚራዎቹ አማካይነት የሚወጣው ያ የሚነዝር ድምፅ በባሕርዩ ቀስ ያለ፣ ሰፊ ቦታ የሚፈልግና ጩኸት የማይወድ ነው። ከበሮና ነፋስ መሣሪያ ከላዩ ቢጫኑት ምንም አይሰማም። ስለዚህ በገናን በቅንብሩ ውስጥ ማስገባት የፈለገ ሰው ሌላውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ግዴታው ነው፤ መሣሪያው በራሱ ክብሩን ያስጠብቃል። ለጭፈራ ማድመቂያ ማድረግና እርሱን ለመስማት ሲባል ባንዱን ዝም ማሰኘት ለእኔ በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

ድምፆችን የማዋሐዱ ሥራ በአንድ ሰው አልተጀመረም፤ ይህን መዘንጋት ለሙላቱም አይጠቅምም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወጣቶች፣ ማለትም አርባ ልጆች፣ በኬቮርክ ናልባንድያን መሪነት የነፋስ መሣሪያ ባንድ አቋቁመው ነበር። የእርሳቸው የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንድያን ደግሞ ለቴአትር ቤት ኦርኬስትራና ለመዘምራን የሀገር ውስጥ ዜማዎችን በአውሮፓ ስልት በማቀናበር ብዙ ደክመዋል። በኋላም አምኃ እሸቴ የግል ሸክላ ማሳተሚያቸውን እ.ኤ.አ. በ1969 ባያቋቁሙ ኖሮ ዛሬ «ወርቃማ ዘመን» የምንለው ድምፅ ከፊሉ በአየር ላይ ጠፍቶ ይቀር ነበር። ሙላቱ የተቀበሉት ሰፊ ውርስ ነበር፤ የእርሳቸው ድርሻ ውርሱን ከጃዝ ጋር አገናኝተው የራሱ ስምና ስልት ያለው ሙዚቃ ማድረጋቸው ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው የዛሬው ሙዚቃችን ተመሳሳይ ፈተና ላይ ስለሆነ ነው። በካሴት ዘመን አንድ ኪቦርድ የአንድን ባንድ ሥራ ተክቶ ሲሠራ፣ ክራሩና ማሲንቆው በኪቦርዱ ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ሆነው ቀሩ። አሁን ደግሞ በኮምፒዩተር የሚሠሩ ወጣቶች የክራር ወይም የዋሽንት ቅንጣቢ ድምፅ ወስደው ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዋሕዳሉ። ከእነርሱ መካከል ሮፍናን ኑሪ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው «ነጸብራቅ» አልበም እንዳሳየው በዚህም መንገድ የሚያኮራ ሥራ መሥራት ይቻላል። ችግሩ የሚመጣው ሶፍትዌሩ ሁሉንም ድምፅ በራሱ ወደ ፒያኖ ቅኝት «ሲያስተካክል» ነው። ያን ጊዜ የማሲንቆው መንሸራተት እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ይታረማል፤ አድማጩም የሚሰማው የማሲንቆ ስም የያዘ ፒያኖ ይሆናል። ለዚህ ትውልድ አቀናባሪዎች የሙላቱ አዲስ አልበም ከስድሳዎቹ ሸክላዎች ይበልጥ ጠቃሚ መማሪያ ነው የምለው፣ የባህል መሣሪያውን ሳያርሙ ከዘመናዊው ጋር ማስቀመጥ እንደሚቻል በተግባር ስለሚያሳይ ነው።

አልበሙ እንከን የለውም እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ዜማዎች በመጀመሪያ ቅጂያቸው የነበራቸው ሸካራነት፣ ማለትም በጥድፊያና በውስን መሣሪያ ከተሠራ ቀረጻ የሚገኘው ትኩስነት፣ በለንደኑ የጠራ ድምፅ ውስጥ ለስልሶብኛል። በሸክላ አንድ ገጽ ላይ ለመገጠም ሲባል ታጥሮ የነበረ ዜማ አሁን ሲረዝም ተጫዋቾቹ በየተራ የሚፈጥሩበት ሰፊ ቦታ ያገኛል፤ አንዳንዴ ግን ስፋቱ ዜማውን ያላላዋል። «የከርሞ ሰው»ን በልጅነቱ በሬዲዮ የለመደ አድማጭ የቀድሞውን ቢመርጥ አልከራከረውም፤ እኔም ወደ ቀድሞው የምመለስበት ጊዜ አለ።

የተከበሩ አዘጋጅ፣ ወደ ጋዜጣው ላምራ። ስለዚህ አልበም በጥልቀት የተጻፈውን ለማንበብ የፈለገ ኢትዮጵያዊ ዛሬም የሚሄደው ወደ ውጭ ቋንቋ መጽሔቶች ነው። እዚያ የሚያገኘው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቫይብራፎኑን በሚገባ የሚያብራራ፣ ክራሩንና ማሲንቆውን ግን «የባህል መሣሪያዎች» ብሎ በአንድ ላይ ጠቅልሎ የሚያልፍ ጽሑፍ ነው። ስለ እንዚራው ንዝረት፣ አንድ ዋሽንት ነፊ ለምን በርከት ያሉ ዋሽንቶችን ይዞ እንደሚመጣ፣ ስለ ባቲና አምባሰል ልዩነት በአማርኛ ሊጽፍ የሚችለው የእኛው ሰው ነው። የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁ አልበም ሲወጣ የምረቃውን ዝግጅትና የእንግዶቹን ስም ዘግቦ ከማቆም አልፎ፣ ሙዚቃውን ራሱን የሚመረምር ጽሑፍ ቢያወጣ እኛ አንባቢዎች እናነበዋለን። ይከብዳቸዋል ተብሎ ሊታሰብልን አይገባም።

በተለይ ሁለት ነገሮችን እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው፣ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾች በስም ይጠሩ። ስለ አንድ አልበም ሲጻፍ ድምፃዊው፣ አቀናባሪውና አሳታሚው ይጠቀሳሉ፤ ማሲንቆውን የመታው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። ይህ ልማድ በዚህ ጋዜጣ ቢቋረጥ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው፣ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህራን መካከል ፈቃደኛ የሆኑ ተጋብዘው በተከታታይ እትሞች አንድ አንድ ቅኝት ወይም አንድ አንድ መሣሪያ እያነሡ ይህንኑ አልበም ከቀድሞዎቹ ቅጂዎች ጋር ቢያነጻጽሩልን፣ ለተማሪዎችም ለአቀናባሪዎችም የሚቀመጥ ጽሑፍ ይሆናል። በአንቺሆዬ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ሙላቱ ብዙ የታገሉት ከእርሱ ጋር ስለሆነ።

ከአክብሮት ጋር
የጋዜጣው የዘወትር አንባቢ